«5/8 በ24» ሲባል ምን ማለት ነው?

ለአደን ጠመንጃ ሳይለንሰር (የተኩስ ድምፅ መቀነሻ) ለመግጠም ሲታሰብ ይህ ቁጥር ብዙዎችን ያደናግራል። ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት) አይደለም። 5/8 ሳይለንሰሩ የሚጠመጠምበት የአፈሙዙ ጥርስ ውፍረት በኢንች ነው፣ 15.9 ሚሊሜትር ገደማ፤ 24 ደግሞ በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ ያሉት ጥርሶች ብዛት።

አፈሙዙ ጥርስ ከሌለው ባለሙያ ጠመንጃ ሠሪ በቶርኖ ያወጣለታል። ሳይለንሰሩ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በጥርሱ ሳይሆን ከጥርሱ ኋላ በሚቀረው ትከሻ ላይ ተደግፎ ስለሆነ፣ አፈሙዙ ከጥርሱ መወፈር አለበት። ለምሳሌ የአፈሙዙ ጫፍ 15 ሚሊሜትር ከሆነ 5/8 አይወጣለትም። 1/2 በ28 (12.7 ሚሊሜትር) ግን በየጎኑ 1.15 ሚሊሜትር ትከሻ ያስቀራል። በ.308 ካሊበር ላይ ይህ በቀዳዳውና በጥርሱ መካከል የሚተወው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የሳይለንሰሩ አምራች መፍቀዱን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ትልቁ ስሕተት ጥርሱን ከአፈሙዙ የውጭ ገጽ ጋር ማስተካከል ነው። ጥይት የሚሄድበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ መሃል ለመሃል አይገኝም፤ ስለዚህ ልኩ ከቀዳዳው መወሰድ አለበት። ያለዚያ ጥይቱ የሳይለንሰሩን ውስጥ ይመታል። ከመተኮስ በፊት በቀዳዳው ቀጥ ያለ መለኪያ ዘንግ አስገብቶ ማየት አይዘለል!

አሜሪካ ውስጥ ሳይለንሰሩ ራሱ በፌዴራል ሕግ ይመዘገባል፤ ለዚህ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ቀረጥ ከጥር 2026 ዜሮ ቢሆንም ምዝገባው አልቀረም። የግዛት ሕግ ግን ይለያያል፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ለግለሰብ ይከለክላሉ።