ቦምብ ያላት ሁሉ «የኑክሌር ባለቤት» ያልተባለችው ለምንድን ነው?

«ህንድ ቦምብ እያላት ስምምነቱ እንዴት የኑክሌር መሣሪያ ባለቤት አይላትም?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ ላስረዳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የወጣው ስምምነት በ1968 ተፈረመ፣ በ1970 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 9 ላይ ቀን ቆርጧል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1967 በፊት ሠርቶ ያፈነዳ ብቻ «ባለቤት» ይባላል። አምስት ናቸው፦ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና።

ቻይና የመጀመሪያ ሙከራዋን ያደረገችው በ1964 ስለሆነ ለጥቂት ደረሰች። ህንድ ግን በ1974 ስታፈነዳ በሩ ተዘግቷል። ዛሬ ልግባ ብትል የምትገባው «መሣሪያ የሌላት» ተብላ ነው። ያ ማለት ቦምቡን ትታ። ስለዚህ እሷም፣ ፓኪስታንም፣ እስራኤልም አልፈረሙም።

ፍትሐዊ ነው ወይ? ለእኔ አይመስለኝም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ደግሞ ለአምስቱም የዘላለም ፈቃድ አይደለም። አንቀጽ 6 ትጥቅ ለመፍታት በቅን ልቦና ተደራደሩ ይላቸዋል። መቼ ጨርሱ እንደሚል ብትፈልጉ አታገኙም።

እስካሁን የሚያከራክረው የሰሜን ኮሪያ ጉዳይ ነው። በ2003 ወጥቻለሁ አለች። አወጣጧ በሕግ ይጸናል ወይስ አይጸናም በሚለው ላይ አገሮች አይስማሙም።