የቀበሌ ቤት ርክክብ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ «የቀበሌ ቤት ደረሰኝ» ያለ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ከተባለ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣበት ጥያቄ «ተረከብክ ወይ?» ነው። ሁለቱ ነገሮች ይለያያሉ። ቤት ደረሰኝ ማለት ስሙ በደብዳቤ ሰፍሮ፣ የቤት ቁጥሩ ተጠቅሶ ተመደበለት ማለት ነው። ርክክብ ግን ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ቢሮ ሰው መጥቶ እሽጉን ቀዶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ቤቱ ውስጥ ያለውንና የሌለውን፣ የቆመውንና የዘመመውን ከአዲሱ ተከራይ ጋር እያየ ቅጽ ላይ የሚያሰፍርበትና ሁለቱም የሚፈርሙበት ሥራ ነው። ቁልፍ መቀበሉ የዚህ ትንሿ ክፍል ናት። አብዛኛው ሰው ግን ዓይኑ ቁልፉ ላይ ስለሚቀር ቅጹን ሳያነብ ይፈርማል።

ቤቶቹ ራሳቸው ከየት መጡ ቢባል፣ ብዙዎቹ የሐምሌ 19 ቀን 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የወረሳቸው ትርፍ ቤቶች ናቸው። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ስለዚህ ቀበሌ የደረሰው ከመጀመሪያው ትናንሹና ደካማው ቤት ነበር፤ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። በዚያ ላይ ኪራዩ ዝቅተኛ ነው። ከአንድ ቤት በዓመት የሚሰበሰበው ገንዘብ የዚያኑ ቤት ጣሪያ ለመቀየር አይበቃም። ተከራይ ወጥቶ ተከራይ ሲገባ ቀለም ተቀብቶ፣ መስታወት ገብቶ የሚጠብቅ ቤት የማይገኘው በዚህ ነው። ቤቱን የሚያዘጋጀው ራሱ አዲሱ ተከራይ ነው።

ቅጹ ላይ ደግሞ አንዲት ሐረግ አለች፦ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ።» አደገኛዋ ይቺ ናት። ያለበት ሁኔታ ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ዛሬ የተሰበረው በር ነገ «አንተ ሰበርከው» ሊባል ይችላል። አክስቴ ከጦሳ ግርጌ አንዲት ክፍል ቤት በተረከበች ቀን አብሬያት ነበርኩ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ልጄ፣ ጣሪያው እኮ ያፈሳል። እሱን ጻፈው እንጂ።»

«እሱ በኋላ ይታያል እማማ፣ አሁን ፊርማው ነው የቀረው።»

«በኋላማ እኔ ነኝ የማየው፣ ዶፉ ሲወርድብኝ። ጻፈውና እፈርማለሁ።»

የቢሮው ልጅ ሳቀ፤ ግን ጻፈ። «ጣሪያ ያፈሳል፣ የጓዳ በር የለውም፣ የምሥራቁ ግድግዳ ግርጌው የበሰበሰ።» በሁለት መስመር አለቀ።

ጣሪያው ማፍሰሱን በበጋ እንዴት አወቀች? ዘዴው ቀላል ነው። ቀን ላይ በርና መስኮት ዘግቶ ጨለማው ውስጥ ቀና ብሎ ማየት። የላላ ሚስማርና የዛገ ቆርቆሮ እንደ ኮከብ ብልጭ ብልጭ ይላል። ኮርኒስ ካለ ቡናማ እድፉ ይናገራል። ግድግዳው ደግሞ ሁልጊዜ የሚሞተው ከታች ነው፤ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ የሚያወርደው ውኃ መሬት መትቶ እየተረጨ ጭቃውን ያረግፋል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ቋሚውን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍታ ላይ በድንጋይ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ደህናው ይጮኻል፣ የበሰበሰው «ዱብ» ብሎ ዝም ይላል። ቆጣሪውንም መርሳት አይገባም። የመብራቱም የውኃውም ንባብ በርክክቡ ቀን ካልተመዘገበ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ ከአዲሱ ጋር ይኖራል። ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ (አብዛኛውን ጊዜ ነው) ከስንት አባወራ ጋር እንደሆነ የሚነግረው ጎረቤት እንጂ ቅጹ አይደለም።

ጥገናው የማን ነው የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ሲደነግግ የበር፣ የመስኮት፣ የወለልና የቧንቧ መክፈቻ ዓይነቱን ትንንሽ ጥገና ለተከራዩ ይሰጣል፤ ዋና ዋናው የአከራዩ ነው። የቀበሌ ቤት ላይ ግን ውሉን ማንበብ ይቀድማል። እንደኔ እንደኔ፣ ተከራዩ በራሱ ወጪ ቢጠግን እንኳ መጀመሪያ በጽሑፍ ማስፈቀድ ይሻላል። ጓዳ ቀጥሎ፣ አጥር ገፍቶ «ያለፈቃድ ገነባህ» የተባለ ስንት ሰው አለ።

ከፊርማው በኋላ ጭቃው ይመጣል። ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው ለምርጊት የሚመች ጊዜ አጭር ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር አካባቢ ነው ማለት ይቻላል። አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በእግር እየተረገጠ ቀናት ያድራል። ሽታው ሲመጣ ደረሰ ማለት ነው። ጥሬ ጭቃ የለጠፈ ሰው በሳምንቱ ስንጥቅ ይቆጥራል። ደሴ ላይ ችግሩ ብርዱና ጉሙ ነው፣ ግድግዳው አልደርቅ ይላል። ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐዩ ቶሎ አድርቆ ስለሚሰነጥቀው ውኃ እየረጩ ያለዝቡታል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ልስን የደረበ፣ ከልስኑ ቀጥሎም ኖራ የቀባ ሰው ግድግዳው እየላጠ ያሳፍረዋል። የአክስቴ ቤት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጎረቤቶች ጭድ ተሸክመው መጡ፣ አንዱ አሮጌ በር ከቤቱ አውጥቶ ለጓዳው ሰጠ።

የገባች ቀን ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ ቡና ተፈላ። በረካው ላይ ሽማግሌው መርቀው ሲጨርሱ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና «ቀበሌው ይሄን ጽፎልሻል?» አሏት። ከመቀነቷ ፈትታ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አሳየቻቸው።