«ሞቲቬሽን ሲመጣልኝ እጀምራለሁ» ለምትሉ

የማማከር ሥራ ስሠራ ይህችን አባባል ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም፦ «ፍላጎቱ ሲመጣልኝ እጀምራለሁ።» እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰልችቶኛል። ፍላጎት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ አይመጣም። ቢመጣም ወር አይቆይም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። ተማሪዎች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ስፖርት እንዲሠራ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ አነበበ። ሁለተኛው ያንኑ አንብቦ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚሠራ ጻፈ። ሦስተኛው ቅስቀሳውን አላየም። በሳምንቱ ውስጥ ስፖርት የሠራው ማን ነው? ቅስቀሳውን ካላዩት 38 በመቶ፣ ቅስቀሳ ብቻ ካነበቡት 35 በመቶ፣ ቀንና ቦታ ከጻፉት ግን 91 በመቶ! ልብ በሉ፣ ቅስቀሳው የተማሪዎቹን ፍላጎት ጨምሮ ነበር። ፍላጎቱ ብቻውን ከወንበር አላስነሳቸውም።

ይህን መንገድ በሰፊው ያጠናው ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ሰዓቱና ቦታው ቀድሞ ከተቆረጠ ያ ሰዓት ራሱ ያስታውሳችኋል። «ዛሬ ልሥራ ወይስ ነገ?» የሚለው ክርክር ይቀራል።

የመመረቂያ ጽሑፏ የቆመባት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ስሜቱን ስትጠብቅ ዓመት አለፈ። «ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ እንደተመለስኩ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ» ብላ ወሰነች። ጉጉቱ የመጣው ሁለተኛውን ምዕራፍ ከጨረሰች በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀት አውጡና ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። የሚያደናቅፋችሁን ነገርም ጨምሩበት፦ «ስብሰባ ከረዘመብኝ ማታ እሠራለሁ» በሉ።

«ስኬትህን በዓይነ ኅሊናህ ሳል» የሚለውስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጋብሪኤለ ኦቲንገን ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩ ሴቶችን አጥንታለች። «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት የበለጠ ቀነሱ። ቀጥነው፣ አምረው በምኞት የዋኙት ግን ያነሰ ቀነሱ።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚባለውም ትክክል አይደለም። ለንደን ውስጥ በተደረገ ጥናት መካከለኛው 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ልዩነቱም ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል።

«አንድ ቀን ካመለጠኝ አለቀ» የምትሉም አላችሁ። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ያን ያህል አልጎዳውም። በማግሥቱ በዚያችው ሰዓት ቀጥሉ።