«ነግ በእኔ»፦ ግሱ የጎደለ አነጋገር

አመሻሽ ላይ ነው። አውቶቡስ የምንጠብቅ ሰዎች ሃያ ያህል እንሆናለን። አንዲት ወጣት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታወራለች። አንድ ጎረምሳ ከኋላዋ መጣ፣ ስልኩን መንትፎ ሮጠ። ያለፈው በእኔ አጠገብ ነው። እጄን ብዘረጋ ሸሚዙን እይዘው ነበር። አልዘረጋሁም። ማንም አልዘረጋም። ልጅቷ «ሌባ!» ብላ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ግማሹ ሰው ልጁ የሮጠበትን መንገድ አየ። ግማሹ ደግሞ የራሱን ኪስ ዳሰሰ።

ከጎኔ የቆሙ አንዲት እናት «ነግ በእኔ የሚል ሰው ጠፋ እኮ!» አሉ። ለማንም ብለው አልነበረም። እኔ ግን ደነገጥኩ። አነጋገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ምን እንደሚል ቆም ብዬ ያሰብኩት ግን ከዚያ ምሽት በኋላ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ነግ» ነገ ማለት ነው። ሥሩ ግእዝ ነው፤ «ነግሀ» ማለት ነጋ ማለት ነው። «ንጋት»፣ «ነገ»፣ የማለዳው ጸሎት የሚጠራበት «ነግህ» ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ «ነግ» ሲባል ሩቅ የሆነ ጊዜ አይደለም። «አንድ ቀን» አይልም፣ «ወደፊት» አይልም። ሲነጋ ነው የሚለው። በተበዳዩና በእኔ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብቻ ነው።

ቀጥሎ «በእኔ»። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአነጋገሩ ጉልበት ያለው «በ» ላይ ነው። አማርኛ ጥቅምንና ጉዳትን በአንድ ፊደል ይለያል። «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» ተቃራኒ ናቸው። «ዘነበልኝ» የሚለው ዘር የዘራ ሰው ነው፤ «ዘነበብኝ» የሚለው ልብስ ያሰጣ ሰው ነው። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው። «ለ» ሲሆን ለእኔ ሆነ፣ «በ» ሲሆን በእኔ ላይ መጣ። ስልኩ የጠፋበት ሰውም «ስልኬ ተሰረቀ» ብሎ አያቆምም፤ «ተሰረቀብኝ» ይላል። ያቺ «ብ» ዕቃው ከሄደ በኋላ ሰውየው ላይ የቀረውን ነገር ትናገራለች። ድንጋጤውን፣ ውርደቱን፣ በዚያ መንገድ ዳግመኛ ሲያልፍ የሚሰማውን ፍርሃት።

ሦስተኛው ነገር የሌለው ነገር ነው። «ነግ በእኔ» ግስ የለውም። ነገ በእኔ ምን? ይደርሳል? ይመጣል? ይፈጸማል? አልተነገረም። የሚሞላው ሰሚው ነው፣ የሚሞላውም ዓይኑ ባየው ነገር ነው። ሰው ሲቀማ ካየ «እቀማለሁ» ብሎ ይሞላዋል። ሰው ሲደበደብ ካየ በዚያው ይሞላዋል። ለዚህ ነው አነጋገሩ ለቀማኛም፣ ለበሽታም፣ ለቃጠሎም፣ ለሐዘንም የሚሠራው። ቦታውን ክፍት ትቶ የሚጠብቅ ዓረፍተ ነገር ነው።

ደግሞ አጠቃቀሙን ልብ በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ«ማለት» ጋር ነው የሚሄደው። «ነግ በእኔ ብሎ ረዳው»፣ «ነግ በእኔ የማይል ጨካኝ»፣ «ኧረ ነግ በእኔ በሉ!»። ሰው ለራሱ፣ በሆዱ የሚለው ቃል ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ወቀሳ ይሆናል። እኚያ እናት እንደተናገሩት ማለት ነው።

ተቃራኒዎቹም የታወቁ ናቸው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው አለ፤ የሌላው ሕመም ለማይሰማው ሰው የሚነገር ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውም አለ፤ ከራስ በኋላ ዓለም የለም ባይነት ነው። ከሁለቱም ይልቅ በየመንገዱ የሚሰማው ግን አጭሩ «ምን አገባኝ» ነው።

አንዳንድ ሰው «ነግ በእኔ»ን ሲተረጉም የብድር ነገር ያደርገዋል። ዛሬ ብረዳ ነገ ይረዱኛል፣ ስለዚህ ልርዳ። እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ቢሆን ኖሮ አነጋገሩ «ነግ ለእኔ» ይል ነበር። አላለም። ነገ የሚመጣው እርዳታ አይደለም፣ ጉዳት ነው። መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው የሚያድን ሰው ያ ሰው ብድሩን እንደማይመልስለት ያውቃል። ዳግም ላይገናኙ ይችላሉ። «ነግ በእኔ» የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ የተበዳዩ ቆዳና የእኔ ቆዳ አንድ ዓይነት ነው፣ ቢላው ለሁለታችንም ስለት አለው ይላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን እንቆማለን? ጭካኔ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኔ ግን የዚያን ምሽት ልቤን አውቀዋለሁ። ጨክኜ አልነበረም። ሌላ ሰው እስኪንቀሳቀስ እየጠበቅኩ ነበር። ሌላውም እኔን እየጠበቀ ነበር።

ይህን ነገር ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በሙከራ አሳይተውታል። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 ኒውዮርክ ውስጥ የተፈጸመ ግድያ ነው። ኪቲ ጄኖቬዝ የምትባል የ28 ዓመት ወጣት ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ በስለት ተወግታ ሞተች። ጋዜጣ 38 ሰው እያየ ዝም አለ ብሎ ጻፈ። በኋላ ሲጣራ ቁጥሩ የተጋነነ ነበር። አብዛኞቹ ያዩት ወይም የሰሙት ቁራጭ ነገር ነው። በመስኮት የጮኸ ሰው ነበር፣ ወርዳ ያቀፈቻት ጎረቤትም ነበረች። ጥያቄው ግን ቀረ፤ ሰው ሲበዛ እርዳታ ለምን ያንሳል?

በሙከራው ተማሪዎች ለየብቻቸው ክፍል ገብተው በድምፅ ማጉያ ይነጋገራሉ። በመሃል አንደኛው የሚጥል በሽታ እንደተነሣበት ሰው ይንተባተባል፣ እርዳታ ይጠይቃል። ድምፁ አስቀድሞ የተቀረጸ ነው። ከታማሚው ጋር እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካሰበው ውስጥ 85 በመቶው ድምፁ ሳያበቃ ለእርዳታ ተነሣ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካሰበው የተነሣው 31 በመቶ ብቻ ነው። የቀሩት ግድ አጥተው አልነበረም። ሙከራው ሲያበቃ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ያላባቸው ነበሩ። ኃላፊነቱ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቁራሽ ለመነሣት አይበቃም ማለት ነው።

ይህን ሳነብ እኚያ እናት ያሉት ትዝ አለኝ። ሰው መሃል ስንቆም መጀመሪያ የሚጠፋው «እኔ» ነው። «ሰው ይረዳታል»፣ «ፖሊስ አለ»፣ «የሚያውቋት ይኖራሉ» እንላለን። ሁሉም የሌላ ሰው ስም ነው። አነጋገሩ የጠፋውን «እኔ» ነው መልሶ የሚያመጣው። ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፣ አንደኛው «በእኔ» ነው።

መቸኮልም አንድ ምክንያት ነው። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው በመሠረቱ የመንገድ ዝርፊያ ታሪክ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ ሰው ወንበዴዎች ገፈው፣ ደብድበው ጥለውት ሄዱ። ካህኑ አየው፣ አለፈ። ሌዋዊውም አየው፣ አለፈ። ዳርሊ ከዳንኤል ባትሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ላኳቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለዚሁ ስለ ሳምራዊው ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አቀርቅሮ እያሳለ ያቃስታል። ጊዜ ካላቸው 63 በመቶው ቆሙ። ረፍዷል ከተባሉት የቆሙት 10 በመቶ ናቸው። የሚናገሩት ርዕስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ያለፈውን ሰው ሁሉ ልበ ደረቅ ነው ለማለት አልደፍርም።

ተስፋ የሚሰጠኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ነው። በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በአደባባይ ካሜራ የተቀረጹ 219 ጸቦች ታዩ። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ጣልቃ ገብቷል። ተመልካቹ ሲበዛም አንድ ሰው የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። የእያንዳንዳችን ልብ በሰው ብዛት ቢደክምም፣ ከብዙ ሰው መካከል «ነግ በእኔ» የሚል አንድ አይጠፋም።

ስለ ጩኸትም አንድ ነገር። ሰው ሲጨንቀው «ድረሱልኝ!» ይላል። ብዙ ቁጥር ነው፣ ለሁሉም ስለሆነ ለማንም አይደርስም። «አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ሸሚዙ፣ ድረስልኝ!» ቢባል ግን የተጠራው ሰው መሸሸጊያ የለውም። ጥንታዊው «የሰው ያለህ!» በነጠላ የቆመ ጩኸት መሆኑን ሳስተውል ገረመኝ። «ያላችሁ» አይልም።

«ነግ በእኔ» ግን ቢላ ከያዘ ማጅራት መቺ ጋር ታገል አይልም። ፍርሃት ነውር አይደለም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል፤ አጠገብ ያለውን ሰው «ና አብረን እንሂድ» ማለት ለብቻ ከመሮጥ ይሻላል። መጮህ አለ፣ ለፖሊስ መደወል አለ። የሮጠውን ሰው ልብስና መልክ መያዝ አለ፣ ቆይቶ ምስክር መሆን አለ። የተነጠቀው ሰው አጠገብ መቆም ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ማስረጃ ይሆናል፤ ለፖሊስ ሳይሆን ለሰው ማሳያ ሲሆን ግን ተጎጂውን ሁለተኛ ጊዜ መግፈፍ ነው።

አንድ ሌላ የማልዘለው ነገር አለ። ለተበዳይ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ሌባ ተያዘ ሲባል ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ዱላ ያነሣል። የተያዘው ልጅ ሌባው ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። እዚያም «ነግ በእኔ» መባል አለበት። ሲሮጥ የተገኘ፣ በጣት የተጠቆመ ሰው ነገ እኔ ወይም ወንድሜ ልንሆን እንችላለን። ጥፋተኛም ቢሆን ሕግ አለው።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። እናትየው ከተናገሩ በኋላ ዝም ብለው አልቆሙም። ወደ ልጅቷ ሄደው እጇን ያዙ። «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ተርፈሻል» አሏት። የራሳቸውን ስልክ አውጥተው «የማንን ቁጥር በቃልሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት። የእናቷን ብቻ ነበር የምታውቀው። ስትደውል አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉ። ከዚያ ሌላ ሰው። አውቶቡሱ መጣ፣ ጥቂቶች ተሳፈሩ። እኔ ቀረሁ። ልጁ በአጠገቤ ሲያልፍ ከነጠባሳው አይቼዋለሁ።

«ፊቱን አይቼዋለሁ» አልኳት። «ፖሊስ ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ።»