የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፓርላማ (1924–1967 ዓ.ም.)

የኢትዮጵያ ፓርላማ የተመሠረተው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በ1924 ዓ.ም. ነው። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገዋል። ፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት፤ የላይኛው የሕግ መወሰኛ፣ የታችኛው የሕግ መምሪያ ይባላሉ። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንትና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጣሉ። ይህ «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ምክር ቤቱ ያደረገው ጥቂት ነው፤ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተከፈተ።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ዕድሜው 21 የሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር ርምጃው ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተካሂዶ 210 እንደራሴዎች ገቡ። ከእነዚህ አንዷ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ስንዱ ገብሩ ነበሩ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እስከ 1965 ዓ.ም. በየአራት ዓመቱ በድምሩ አምስት ምርጫዎች ተካሂደዋል።

የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም። እጩ የሚቀርበው በግሉ ነው፤ ለመቅረብም ንብረት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ወንበሩ በአብዛኛው ባለርስት፣ ነጋዴና የቀድሞ ሹም ለሆነው ሰው ቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተጠሪነቱ ለዘውዱ እንጂ ለምክር ቤቱ አልነበረም። በዚህ የተነሳ ፓርላማውን ለጭብጨባ ብቻ የተሰበሰበ አድርገው የሚስሉት አሉ። ክሱ ግን ፍርደ ገምድል ነው፤ የመምሪያው እንደራሴዎች የመንግሥትን ረቂቅ ሲሞግቱና ሲከረክሙ ታይተዋልና። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን (ከምርት አንድ አሥረኛ የሚከፈለውን ግብር) የተካው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ያለፈው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። አዋጁ በጎጃም ያስነሳው አመጽ ደግሞ የአዲስ አበባው ክርክር ገበሬው ጆሮ ምን ያህል እንዳልደረሰ ያሳያል።

ከሁሉም የከበደው የመሬት ጥያቄ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ሰልፍ ወጡ። የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነትን የሚወስነው ረቂቅ በተደጋጋሚ ቢነሳም አዋጅ ሳይሆን ቀረ። በጥቅማቸው የመጣባቸው ባለርስት አባላት አፈኑት የሚለው ትችት በሰፊው ይሰማል፤ መንግሥት ራሱ ረቂቁን አጥብቆ አለመግፋቱም ከዚህ ያላነሰ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ያም ሆነ ይህ፣ በአዳራሹ ውስጥ ባለቤት ያጣው ጥያቄ በአደባባይ የተማሪው፣ በኋላም የወታደሩ መፈክር ሆነ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ የሚያደርግ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ረቂቁም በዚያው ክረምት ተጠናቀቀ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ምክር ቤቶቹን በተነ። በዚያው ዕለት የወጣው አዋጅ ረቂቁ ተሻሽሎ በሥራ ላይ እንደሚውል ቢገልጽም፣ ሳይውል ቀርቷል።