ከባድ ብረቶችን ከሰውነት በማስወገድ ወቅት ቫይታሚን መውሰድ

ሊድ (እርሳስ)፣ ሜርኩሪ፣ አርሴኒክና ካድሚየም ለሰውነታችን ምንም አይጠቅሙም። በአየር፣ በውሃ፣ በምግብ፣ በቀለምና በሥራ ቦታ አቧራ በኩል ይገባሉ። አንዴ ከገቡ ደግሞ ቶሎ አይወጡም። እነዚህን ከባድ ብረቶች ከሰውነት ለማስወጣት የሚደረገውን ጥረት ብዙ ሰው «ዲቶክስ» ይለዋል። ከዲቶክሱ ጋር ቫይታሚንና ሚነራል አብሮ መውሰድም በጣም ተለምዷል።

ችግሩ በዚህ አንድ ስም ሁለት የማይገናኙ ነገሮች መጠራታቸው ነው። የመጀመሪያው ሐኪም በምርመራ ያረጋገጠውን መመረዝ ኪሌሽን በሚባል ሕክምና ሲያክም ነው። በኪሌሽን የሚሰጠው መድኃኒት ብረቱን ይይዘውና በሽንት ወይም በሐሞት በኩል ይዞት ይወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ማንም ሰው ያለ ምርመራ ገዝቶ የሚወስደው የዱቄት፣ የጠብታና የእንክብል ጥቅል ነው። ቫይታሚን በሁለቱም ውስጥ አለ፤ ሥራው ግን ለየቅል ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ሊድን ከአጥንት፣ ካድሚየምን ከኩላሊት ጎትቶ የሚያወጣ ቫይታሚን የለም። ቫይታሚንና ሚነራል በአብዛኛው የሚጠቅሙት አዲስ ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ በመከላከልና የጎደለውን በመተካት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ትልቅ ነገር ነው። ግን «ያጸዳል» ከሚለው ማስታወቂያ ጋር አይገናኝም።

ብረቶቹ የት ይደበቃሉ?

ደም ውስጥ ያለው ሊድ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል። ይህ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ሊድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የተቀመጠው በአጥንት ውስጥ ነው። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ምክንያቱም ሊድ ለሰውነት ካልሲየም ይመስለዋል፤ ካልሲየም በሚሄድበት ሁሉ ይሄዳል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፤ መጠኑ በግማሽ እንዲቀንስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከዓሣ የሚመጣው የሜርኩሪ ዓይነት ይሻላል። ምንጩ ከተቋረጠ በ50 ቀን አካባቢ በግማሽ ይቀንሳል።

ስለዚህ «በ7 ቀን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ» የሚል ነገር ስታዩ እነዚህን ቁጥሮች አስታውሱ። በሕክምናው ዓለም ቀዳሚው እርምጃ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ብረቱ ከየት እየመጣ እንደሆነ ፈልጎ ማስቆም። ይህ ሳይደረግ የሚዋጥ ማንኛውም ነገር ጥቅሙ ውስን ነው።

አይረንና ካልሲየም

ብዙ ጊዜ በዲቶክስ ወሬ ውስጥ ስማቸው የማይነሳው፣ ማስረጃቸው ግን ከሁሉም የጠነከረው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የአንጀት ሴሎች አይረንን፣ ማለትም ሰውነት ደም ለማምረት የሚያስፈልገውን ብረት፣ የሚያስገቡበት ፕሮቲን አላቸው። ሰውነት አይረን ሲያንሰው ይህንን ፕሮቲን በብዛት ያመርታል። ያገኘውን ሁሉ ለመያዝ እጁን እንደመዘርጋት ነው። ያ ፕሮቲን ግን አይረንን ብቻ አይመርጥም፤ ካድሚየምንና ሊድንም ያስገባል። የደም ማነስ ያለበት ልጅ ከተመሳሳይ አቧራ ከጓደኛው የበለጠ ሊድ የሚወስደው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሊድ ከተገኘበት፣ የአይረን ወይም የካልሲየም ምግቡም በቂ ካልሆነ፣ እነዚህ ተጨማሪዎች እንዲሰጡት ይመክራል። ልብ በሉ፣ ምክሩ ለጎደለበት ነው። አይረን ላልጎደለበት ሰው ዝም ብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። የአዋቂ አይረን ኪኒን ደግሞ ሕፃን በብዛት ከዋጠው ሊገድል ይችላል። ሊድ ያለበትን ልጅ ለማዳን የተገዛ ጠርሙስ ሌላ መርዝ እንዳይሆን ከልጆች እጅ መራቅ አለበት።

በእርግዝና ጊዜ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። የፅንሱ አጥንት ካልሲየም ይፈልጋል። የእናቲቱ ምግብ ካልበቃ ካልሲየሙ ከራሷ አጥንት ይወጣል። ከዓመታት በፊት እዚያ የተቀመጠ ሊድ ካለ እሱም አብሮ ወደ ደም ይመጣል፤ ከደም ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በተደረገ ጥናት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም የወሰዱ ነፍሰ ጡሮች የደም ሊዳቸው መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን ከወሰዱት በአማካይ በ11 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ቁጥሩ አያስደንቅ ይሆናል። ግን ርካሽና ደህና በሆነ ነገር የተገኘ ነው። እኔ በበኩሌ ከብዙ ውድ ጥቅሎች ይህንን አስበልጣለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነጥብ አለ። አዋቂ ሰው ምግብ በልቶ ሳለ ከሚገባው ሊድ ወደ ደም የሚያልፈው ከ10 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ሆዱ ባዶ ሲሆን ግን 60 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ የሊድ ምንጩ ሳይቋረጥ ቀኑን ሙሉ በጭማቂ ብቻ መዋል ለ«ማጽዳት» ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። በሰዓቱ የሚበላ ምግብ ራሱ መከላከያ ነው።

አርሴኒክና ፎሊክ አሲድ

ቫይታሚን በእውነት በማስወጣት ሥራ ላይ ሲያግዝ የታየበት ምሳሌ ይህ ነው። ጉበት አርሴኒክን የሚያስወግደው ሜቲል የሚባል ቅንጣት እየለጠፈበት ነው። እንደዚያ የተለወጠ አርሴኒክ በሽንት በቀላሉ ይወጣል። ጉበት ለዚህ ሥራ ፎሌት የሚባል ቫይታሚን ያስፈልገዋል፤ በኪኒን የሚሰጠው ዓይነቱ ፎሊክ አሲድ ይባላል። በባንግላዴሽ አርሴኒክ ያለበት የጉድጓድ ውሃ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ችግር ሆኖ ቆይቷል። እዚያ በተደረገና በ2007 በታተመ ጥናት የፎሌት እጥረት ያለባቸው ሰዎች ለ12 ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ወሰዱ። በደማቸው ውስጥ ያለው አርሴኒክ በ14 በመቶ ገደማ ቀነሰ። 400 ማይክሮግራም ለእርግዝና የሚታዘዘው የተለመደው መጠን ነው፤ የተጋነነ ነገር የለውም። እዚህም ቢሆን ውሃውን መቀየር ይቀድማል።

ቫይታሚን ሲ፣ ሴሊኒየምና ዚንክ

ቫይታሚን ሲ በዲቶክስ ዝርዝር ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ከባድ ብረቶች በሴሎች ውስጥ የሚያደርሱትን ኦክሲዴሽን የሚባል ጉዳት ሊቀንስ ስለሚችል ሐሳቡ መሠረት አለው። በ1999 የታተመ አንድ ጥናት 75 ወጣት አጫሾችን ተከታትሎ ነበር። በቀን 1,000 ሚሊግራም የወሰዱት በአንድ ሳምንት ውስጥ የደም ሊዳቸው በ81 በመቶ ቀነሰ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ለሽያጭ ይጠቀሳል። ሰዎቹ ግን የመመረዝ ምልክት ያልነበራቸው፣ የሊድ መጠናቸውም ዝቅተኛ የሆነ ነበሩ። ከእነሱ ተነስቶ ለተመረዘ ሰው ተስፋ መስጠት ልክ አይደለም። ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 2,000 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ካለፈ ተቅማጥ ይመጣል፤ ለኩላሊት ጠጠር የተጋለጠ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። የሰውነቱ አይረን ከልክ ያለፈ ሰውም ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ቫይታሚን ሲ አይረን በብዛት እንዲገባ ያደርጋልና።

ሴሊኒየም ከሜርኩሪ ጋር በጥብቅ ይጣመራል። በዚህ ምክንያት «የሜርኩሪ ማርከሻ» ተብሎ ይሸጣል። ነገር ግን በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። የአዋቂ የቀን ጣሪያ 400 ማይክሮግራም ነው። በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ሰፕልመንት (የቫይታሚንና የሚነራል ተጨማሪ) በአመራረት ስህተት መለያው ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ገደማ ሴሊኒየም ይዞ ገበያ ላይ ወጣ። 201 ሰዎች ተመረዙ። ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተበላሸ፣ በተቅማጥና በመገጣጠሚያ ሕመም ተሰቃዩ። ጤና ፍለጋ የጠጡት ነገር ነው ይህን ያደረሰባቸው።

ዚንክም እንዲሁ ነው። በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የመዳብ እጥረት ያመጣል። የመዳብ እጥረት ደግሞ የደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ያስከትላል።

ከኪሌሽን መድኃኒቶች ጋር

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚበረታው። የኪሌሽን መድኃኒቶች መርዙን ብቻ ለይተው አይዙም። ጠቃሚ ሚነራሎችንም ይዘው ይወጣሉ። ኢዲቲኤ የሚባለው የኪሌሽን መድኃኒት ሲሰጥ በሽንት የሚወጣው ዚንክ በጣም ይጨምራል። ስለዚህ መተካት ሊያስፈልግ ይችላል። መቼና ስንት የሚለውን ግን የሚወስነው የታዘዘው መድኃኒት ነው፤ ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው።

ዲመርካፕሮል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦክስፎርድ ውስጥ አርሴኒክ ላለበት የጦር መርዝ ማርከሻ ሆኖ የተሠራ መድኃኒት ነው። ከአይረን ጋር ሲገናኝ መርዛማ ውሕድ ይፈጥራል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ አይረን አይሰጥም። ታካሚው የደም ማነስ ቢኖርበት እንኳ መጠበቅ ይኖርበታል። ፔኒሲላሚን የሚባለው ሌላው የኪሌሽን መድኃኒት በተቃራኒው ቫይታሚን ቢ6 ያሳጣል። በዚህም የተነሳ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በቀን 25 ሚሊግራም ቢ6 አብረው ያዛሉ። አይረንና ሌሎች ሚነራሎች ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርጉ በሰዓት ተራርቀው ይወሰዳሉ። ለአይረን ክምችት የሚሰጠው ዴፈሮክሳሚን ከቫይታሚን ሲ ጋር የተሻለ ይሠራል። ነገር ግን ቫይታሚኑ የሚጀመረው ሕክምናው አንድ ወር ከሞላው በኋላ ነው። መጠኑም ለአዋቂ በቀን ከ200 ሚሊግራም አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሲሆን በልብ ላይ ችግር ታይቷል። የልብ ድካም ላለበት ሰው ጭራሽ አይሰጥም።

እስቲ አስቡት፤ አንድ ሺህ ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ማንም ሰው ያለ ማዘዣ የሚገዛው ነገር ነው። ለአንዱ ታካሚ ምንም አያደርግም፤ ለሌላው ልብ ያሰጋል። ለዚህ ነው የሚወስዱትን ቫይታሚን ከነጠርሙሱ ለሐኪም ማሳየት የሚገባው። «መልቲቫይታሚን ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። በውስጡ አይረን፣ ዚንክና መዳብ ይኑር አይኑር የሚታወቀው ጀርባው ላይ ካለው ዝርዝር ነው።

በብዛት መውሰድስ ያግዛል? ይህም ተፈትሿል። ቀደም ሲል ድንገተኛ የልብ ጥቃት በደረሰባቸው 1,708 ሰዎች ላይ በተደረገ ትልቅ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ከኢዲቲኤ ጎን ለጎን 28 ዓይነት ቫይታሚንና ሚነራል በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ ነበር። በ2013 በታተመው ውጤት ቫይታሚኖቹ ለብቻቸው የልብ ችግርን በሚታመን ደረጃ አልቀነሱም። ኢዲቲኤው ግን በተለይ የስኳር ሕመም ባለባቸው ላይ ተስፋ ያሳየ መስሎ ነበር። በ2024 የወጣው ተከታይ ጥናት የስኳር ሕመምተኞችን ብቻ ይዞ ጥያቄውን ደገመው። የደም ሊድ በ61 በመቶ ቀነሰ፤ የልብ ችግሩ ግን አልቀነሰም። ብረቱ መውጣቱና ሰውየው መዳኑ ሁልጊዜ አብረው አይመጡም።

ጥቅሎቹና ምርመራቸው

ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የዲቶክስ ጥቅሎች ብዙ ጊዜ ከአንድ የሽንት ምርመራ ጋር ይመጣሉ። ሰውየው መጀመሪያ የኪሌሽን መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያ ሽንቱ ይመረመራል። መድኃኒቱ ብረት እንዲወጣ ስለሚያደርግ የጤነኛ ሰው ውጤትም ከፍ ይላል። ውጤቱ ግን መድኃኒት ካልወሰዱ ሰዎች መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። ስለዚህ ሁሉም ሰው «የተመረዘ» ሆኖ ይገኛል። የመርዝ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ ይህ ዘዴ በሳይንስ እንዳልተረጋገጠ በይፋ አሳውቋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2010 የኪሌሽን ምርቶችን ያለ ማዘዣ ለሚሸጡ 8 ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ልኳል።

ሰፕልመንቱ ራሱ የብረት ምንጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከእንስሳት አጥንት ዱቄትና ዶሎማይት ከሚባል ድንጋይ የተሠሩ የካልሲየም ምርቶች ውስጥ ሊድ ተገኝቷል። በ2004 በታተመ ጥናት ደግሞ ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) ምርቶች 14ቱ ሊድ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ነበረባቸው። ነፃ በሆነ ላቦራቶሪ የተፈተሸ ምርት መምረጥ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሕክምናው ሲያልቅ

በልጆች ላይ ኪሌሽን በተለምዶ የሚጀመረው የደም ሊድ በዴሲሊትር 45 ማይክሮግራም ሲደርስ ነው። በአፍ የሚሰጠው ሰክሲመር ለ19 ቀን ይወሰዳል፦ መጀመሪያ ለ5 ቀን በየ8 ሰዓቱ፣ ከዚያ ለ14 ቀን በየ12 ሰዓቱ። እንክብሉ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው። መዋጥ ለማይችል ልጅ ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ለስላሳ ምግብ ላይ ተበትነው በማንኪያ ይሰጡታል። በየሳምንቱ ደምና ጉበት ይመረመራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ብዙ ወላጆችን ያስደነግጣል። መድኃኒቱ ካቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት የደም ሊድ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ከአጥንት እየወጣ ነውና። ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ የሁለት ሳምንት እረፍት ይሰጣል። እጥረት ያለበት ልጅ በዚህ እረፍትና ከዚያም በኋላ አይረኑንና ካልሲየሙን በሐኪሙ መጠን ይወስዳል፣ በሰዓቱ ይበላል፣ ደሙ በየጊዜው ይለካል። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግን ሊዱ የመጣበት ነገር ከቤቱ ከተወገደ በኋላ ነው።