ጣና ዳር ያለ የድንጋይ ግንብ ሁሉ «የፖርቱጋል» ነው?

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ አንድ ባለ ፎቅ የድሮ የድንጋይ ቤት አለ። ስለ እሱም ሆነ በጣና ዙሪያ ስላሉት ዘመዶቹ ብዙ ይወራል። ከሚወራው ግን እውነት ያልሆነው ይበዛል።

«ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት»

የከተማው ሰው ቤቱን የሠራው ፔድሮ ፓኤዝ ነው ይላል። ፓኤዝ ግን ስፔናዊ ነው። በ1603 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገብቶ በ1622 ጎርጎራ ላይ ያረፈ፣ ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን ነበር። ሰው የሚምታታበት ፓኤዝ የተነሣው ከሕንዷ ጎዋ ስለነበር ነው፤ ጎዋ ያኔ በፖርቱጋል እጅ ነበረች። በ1541 ከአዛዣቸው ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ፖርቱጋሎች ደግሞ ወታደሮች ናቸው። የመጡት ግራኝ አሕመድን ለመውጋት ነው።

«የጢስ ዓባይን ድልድይም ፓኤዝ ነው ያሠራው»

ድልድዩ የተሠራው በ1626 ነው። ፓኤዝ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ያሠሩት አፄ ሱስንዮስ ናቸው። አስጎብኚዎች ዛሬም «የፖርቱጋል ድልድይ» ሲሉ ስሰማ ያንገበግበኛል፤ የንጉሡም፣ ድንጋይ ያጋዘው ያገሬው ሰውም ስም እዚያው ይቀራል።

«ድንጋዩን ያያያዘው እንቁላል ነው»

ይኼን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ድልድዩ ላይ ጎንበስ ብላችሁ በጥቁሮቹ ድንጋዮች መሃል ያለውን ነጣ ያለ መስመር እዩት። ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፣ ውሃ ሲነካው ይፍለቀለቃል፣ ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ግንቡ ላይ ካረፈ በኋላ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። አራት መቶ ዓመት ያቆመው ይኼ ነው። ሙያው በጣና ዙሪያ የተስፋፋው በሱስንዮስ ዘመን ሲሆን ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ስለ ሕንዶቹ ግን ማንም አያነሳም።

«የጎንደርን ግንብም ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት»

አይደሉም። ፋሲለደስ በ1632 ነገሡ፤ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ነው። አስተማሪዎቹ ቢሄዱም ሙያው አገር ውስጥ ቀርቷል።

«የገዳማቱ ሕንፃ የገዳማቱን ያህል ያረጀ ነው»

ጣና ዳር ዘጌ ያለችው ገዳም ኡራ ኪዳነ ምሕረት የተመሠረተችው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ የምናየው ክብ ሕንፃ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። መታደሱ ክብሩን አይቀንሰውም።

«የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ ብንደፍነው ይጠነክራል»

ከሁሉም የምፈራው ይኼን ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮት ይሄዳል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ከዚያ የሚፈረፈረው ድንጋዩ ነው። ጎንደር ላይ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው በኋላ ተነቅሎ በኖራ ተተክቷል። ስለዚህ በየአጥቢያችሁ የድሮ ግንብ ለመጠገን ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ከመስጠታችሁ በፊት በኖራ ነው በሲሚንቶ ብላችሁ ጠይቁ።